አላይነር ወይስ ብሬስ? ድሬዳዋና ሐረር ለሚኖር ሰው የቀረበ ንጽጽር

ጥርሱን ለማስተካከል የወሰነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ «የትኛው አይታይም?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ዋጋውን ይጠይቃል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እኔ ድሬዳዋ ሆኜ በአላይነር፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ ሐረር ሆና በብሬስ ጥርሳችንን ካስተካከልን በኋላ፣ ከሁለቱም አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ተረድቻለሁ፤ እርሱም «አፌ በቀን ስንት ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ነጻ ይሆናል?» የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ጥያቄ ለራሱ በሐቀኝነት እንዲመልስ ለምፈልገው ሰው ነው።

አላይነር ከግልጽ ፕላስቲክ የሚሠራ፣ ጥርስን እንደ ጓንት የሚያለብስ፣ በእጅ የሚገባና የሚወጣ ሽፋን ነው። ታካሚው የሚረከበው አንድ ሽፋን ሳይሆን በተራ ቁጥር የተደረደሩ ብዙ ጥንዶችን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጥንድ ጥርሱን እስከ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ አንቀሳቅሶ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል። ጥርስን በተነቃይ መሣሪያ ደረጃ በደረጃ የማንቀሳቀስ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ኦርቶዶንቲስት (ጥርስ በማስተካከል የሠለጠነ ሐኪም) ሃሮልድ ኬስሊንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ከጎማ በተሠራ መሣሪያ አስተዋውቆት ነበር። ለብዙ ሰው የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ እያንዳንዱን እርምጃ በኮምፒውተር መንደፍ ከጀመረ በኋላ ነው። ኢንቪዛላይን የዚህ ኩባንያ ምርት ስም ነው፤ ሰዎች ግን ማንኛውንም ግልጽ ሽፋን በዚህ ስም ስለሚጠሩት፣ ገዢው የሚቀርብለት በእርግጥ የማን ሥራ እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል። ብሬስ በበኩሉ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ፣ ብራኬት የሚባል ትንሽ መያዣና ብራኬቶቹን ሁሉ የሚያያይዝ ሽቦ ነው፤ ባለቤቱ ሊያወጣው አይችልም።

የሁለቱም አሠራር መሠረቱ አንድ ነው። ጥርስ ከሥሩ ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን ጅማቶች ከአጥንቱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ቀላል ግፊት ሳይቋረጥ ሲያርፍበት በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ፣ በስተኋላው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት እየተሠራ፣ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እዚህ ላይ ዋናው ቃል «ሳይቋረጥ» የሚለው ነው። የብሬስ ሽቦ ባለቤቱ ቢተኛም፣ ቢበላም፣ ቢረሳውም መግፋቱን አይተውም። አላይነር ግን ከአፍ በወጣበት ሰዓት ሁሉ ሥራው ይቆማል፤ ጥርሱም ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መደረግ አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሰዓቱን መቁጠር

22 ሰዓት ሲባል በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የሚቀረው ሁለት ሰዓት ግን ቁርስን፣ ምሳንና እራትን፣ ከእያንዳንዱም በኋላ ጥርስ መቦረሽን መያዝ አለበት። ከውኃ በስተቀር ማንኛውም ነገር የሚበላውና የሚጠጣው ሽፋኑ ከወጣ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ትኩስ መጠጥ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ስኳር ያለበት መጠጥ ደግሞ በሽፋኑና በጥርሱ መካከል ገብቶ ምራቅ ሊያጥበው በማይችልበት ቦታ ስለሚቀር ጥርሱን ያበሰብሰዋል። ቡና በሥርዓቱ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ አንድ ሰዓት አያንሰውም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቡና የሚያፈሉ ጎረቤቶች ያሉት ሰው ሁለቱን ሰዓት ቁርስ ሳይበላ እንኳ ይጨርሳቸዋል።

የአካባቢያችንን ኑሮ ሳንደብቅ እንናገር ከተባለ ደግሞ በርጫ አለ። ከምሳ በኋላ ተቀምጦ እስኪመሽ የሚቅም ሰው አራት ወይም አምስት ሰዓት አላይነሩን አውጥቶ ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል፤ ከጫቱ ጋር ስኳር፣ ለስላሳ፣ ሻይና የባቢሌ ኦቾሎኒ ስለሚቀርብ ሽፋኑን አድርጎ መቃም ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሌላውን ሁሉ በጥንቃቄ ቢፈጽም እንኳ የሚደርሰው 16 ወይም 17 ሰዓት ብቻ ነው። እኔ የምቅመው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለነበር ጉዳት ያመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዘጠነኛው ሽፋን ላይ ስደርስ ግን ፕላስቲኩ በሁለት ጥርሶች ላይ በትክክል መቀመጥ አቃተው፤ ጫፉ ላይ ክፍተት ይታይ ጀመር። የአፌ ቅርጽ እንደገና ተነሥቶ አዲስ ሽፋኖች መሠራት ነበረባቸው፤ ዘጠኝ ወር ይፈጃል የተባለው ሕክምናም አሥራ አምስት ወር ወሰደ። አንድ ቀን ደግሞ በሶፍት ጠቅልዬ ከጎኔ ያስቀመጥኩት ሽፋን ከገራባው ጋር ተጠርጎ ተጥሏል። ማስቀመጫ ሣጥኑን ከኪስ አለመለየት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዋጋውን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

ብሬስ ያሰረ ሰው ሰዓት አይቆጥርም። እርሱ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሸንኮራና አጥንት መጋጥ ብራኬት ያስነቅላሉ። የጫት ቅጠል በሽቦውና በብራኬቱ መካከል ስለሚጠላለፍ ማታ ማጽዳቱ ብቻ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በሚገባ ካልጸዳም በብራኬቱ ዙሪያ የማይለቅ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፣ ድዱም ያብጣል። ስለዚህ የሚቅም ሰው ብሬስን ቢመርጥ ሕክምናው አይቋረጥበትም፣ የጽዳቱ ሸክም ግን በእጥፍ ይከብድበታል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ በየቀኑ ለሚቅም ሰው አላይነር ገንዘብ ማባከን ነው የሚል አቋም አለኝ።

በረመዳን የሚጾም ሰው በተቃራኒው ለአላይነር የሚስማማ ወር ያገኛል። ከንጋት እስከ መግሪብ ባለው 13 ሰዓት ገደማ ሽፋኑን የሚያወጣበት ምክንያት የለም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከፊጥር እስከ ሱሁር ያለው መብላትና መጠጣት ተቆራርጦ ሌሊቱን ሁሉ እንዳይዝ ነው።

ሙቀቱና ውኃው

ሐረር ደጋማ ስለሆነች ይህ ክፍል ይበልጥ የሚመለከተው ድሬዳዋን ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ የተረሳ አላይነር ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል፤ ቅርጹን የለወጠ ሽፋን ደግሞ ጥርሱን ወዳልታሰበ ቦታ ይገፋዋል። በቀትር ከጣሪያ ሮቶ የሚወርደው ውኃ እጅ እስኪያቃጥል ስለሚሞቅ፣ ለማጠቢያ የሚሆን ቀዝቃዛ ውኃ በጆግ አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። የከተማችን ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚያበጅ ሁሉ በሽፋኑም ላይ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፤ አንዳንዴ በውኃ በቀጠነ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ያስለቅቀዋል። ለብሬስ ሙቀቱም ውኃው ችግር አይሆንም።

የትኛው የትኛውን ጥርስ ያስተካክላል?

በመጠኑ የተደራረቡ የፊት ጥርሶችን፣ ቀላል ክፍተትንና ቀድሞ ተስተካክሎ መልሶ የተዛባ ጥርስን አላይነር በጥሩ ሁኔታ ያስተካክላል። የዞረ ክራንቻን መመለስ፣ ጥርስን ከድዱ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ስቦ ማውጣት፣ ጥርስ ተነቅሎ የተከፈተን ሰፊ ቦታ መዝጋት ግን ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በፊት ጥርሶች ላይ ኮምፒውተሩ ካቀደው እንቅስቃሴ በአማካይ 41 በመቶ ብቻ መፈጸሙን አሳይቶ ነበር፤ ተመሳሳይ ጥናት በ2020 ሲደገም ውጤቱ ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ማለት ሐኪሙ በስክሪን ላይ የሚያሳየው የመጨረሻ ፈገግታ ዕቅድ እንጂ የተፈረመ ውል አይደለም፤ የመጀመሪያው ዙር ካለቀ በኋላ ተጨማሪ የማሟያ ሽፋኖች ማስፈለጋቸውም የተለመደ ነው። ከመክፈልዎ በፊት የማሟያው ዙር በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሁለተኛ ጊዜ ከፍያለሁ።

እህቴ ክራንቻዋ ከሌሎቹ በላይ ድድ ውስጥ ከፍ ብሎ የበቀለ ስለነበር ሐኪሟ አላይነርን እንደ አማራጭ እንኳ አላቀረበላትም። ብሬሱ በ22 ወር ክራንቻውን ወደ ረድፉ አወረደው። ከንፈሯና ጉንጯ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆስለው ነበር፤ ሐኪሙ የሰጣት ሰም በሽቦው ጫፍ ላይ ሲለጠፍ ግን ሕመሙ ቀለል አለላት። አላይነር እንዲህ አያቆስልም፤ አዲስ ሽፋን በሚገባባቸው የመጀመሪያ ቀናት የመጨምደድ ሕመም አለው፣ «ሰ» እና «ዘ»ን ሲናገሩም ጥቂት ቀን ያኮላትፋል። አስተማሪ የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ሽፋን ዓርብ ማታ ቢጀምር ጥሩ ነው።

«የማይታይ» የሚለውም ቃል ማስተካከያ ይፈልጋል። በአብዛኛው የአላይነር ሕክምና ሽፋኑ ጥርሱን እንዲይዝ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጉብታዎች በጥርሶቹ ላይ ይለጠፋሉ፤ ቀረብ ብሎ ያየ ያያቸዋል። መታየቱ የሚያሳስበው ነገር ግን 22 ሰዓት የማይችል ሰው ብራኬቱ የጥርስ ቀለም ያለውን የሴራሚክ ብሬስ ይጠይቅ። እርድ ያለበት አልጫ ወጥ ሽቦውን ከብራኬቱ ጋር የሚያስረውን ግልጽ ላስቲክ ቢጫ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ ግን በየቀጠሮው ይለወጣል። በወንጂ ወይም በመተሐራ ያደጉና በፍሎራይድ ምክንያት ጥርሳቸው የቡና ዓይነት ቀለም የያዘ ሰዎች ብራኬቱም ሆነ ጉብታው በቀላሉ ላይጣበቅላቸው ስለሚችል ይህን ከሐኪሙ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልጨምር። ፍንጭት ያለው ሰው ፍንጭቱን የሚወደው ከሆነ ዕቅዱን ከማጽደቁ በፊት ይናገር፤ ካልተነገረ በስተቀር ዕቅዱ የፊት ጥርሶቹን ክፍተት መዝጋቱ የማይቀር ነው።

ርቀትና ገንዘብ

ብሬስ በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱ የሐኪም እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ውል ከመግባትዎ በፊት ኦርቶዶንቲስቱ በከተማው ነዋሪ መሆኑን ወይም ከአዲስ አበባ በቀጠሮ የሚመላለስ መሆኑን፣ እርሱ በሌለበት ብራኬት ቢነቀል ማን እንደሚያየው ይጠይቁ። እህቴ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የደንገጎን ዳገት ወርዳ ድሬዳዋ ትመጣ ነበር፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ መንገድ ቢሆንም የሥራ ቀኗን ግማሽ ይበላባት ነበር። አላይነር በዚህ በኩል ይሻላል፤ ብዙ ጥንዶች በአንድ ጊዜ ተረክበው ሐኪሙን አልፎ አልፎ ማየት ይበቃል። የጠፋ ሽፋን ግን ከውጭ አገር የሚታዘዝ ከሆነ ሳምንታት ያስጠብቃል፤ ለዚህም ነው ያለፈው ሽፋን ሳይጣል ተጠብቆ፣ በመጠባበቂያነት የሚደረገው።

የብሬስ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያና በየቀጠሮው ይከፋፈላል። የአላይነር ግን ሽፋኖቹ በአንድ ላይ ስለሚሠሩ ትልቁ ድርሻ መጀመሪያ ላይ ይጠየቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የተነገርዎት ዋጋ በብር የተቆረጠ ነው ወይስ ከምንዛሪው ጋር የሚንቀሳቀስ? የማሟያው ዙርስ በየትኛው ዋጋ ይታሰባል? እነዚህን ሳያስመዘግቡ አይፈርሙ።

ዋጋው ረክሶ በፖስታ ወይም በኢንተርኔት የሚቀርበውን፣ ሐኪም አፍዎን ሳያይ የሚሠራውን ሽፋን አልመክርም። ድድ የታመመበትን ወይም የበሰበሰን ጥርስ መግፋት ጥርሱን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል፤ ይህንንም የሚያሳየው ራጅና የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ይሠራ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል።

በመጨረሻ ስለ ሪቴይነር ይጠይቁ። በአላይነርም ሆነ በብሬስ የተስተካከለ ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ስለሚሞክር፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መያዣ ያስፈልገዋል፤ ከውስጥ በኩል የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ ወይም ሌሊት የሚደረግ ግልጽ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ በየጊዜውም ይለወጣል። እህቴ ከውስጥ የተለጠፈላትን ሽቦ መርጣለች። እኔ የሌሊት ሽፋን ነው የማደርገው፤ ማታ ከእራት በኋላ ስለሆነ ሰዓቱን መቁጠር አያስፈልገኝም፣ ሲያረጅም እዚሁ ድሬዳዋ ያስተካከለልኝ ሐኪም በሳምንት ውስጥ አዲስ ይሠራልኛል።