ኮፋክስ 1955 ወይስ ራያን 1968? ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ላለው የቤዝቦል ካርድ ገዢ

ኳስ ወርዋሪው ሳንዲ ኮፋክስ በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) 382 ባለዱላዎችን በስትራይክአውት (ኳሱን ሳይመቱ በሦስት ስህተት በማስወጣት) አሰናበተ። ከ8 ዓመት በኋላ ኖላን ራያን 383 አድርሶ ከ1900 ወዲህ ያለውን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን በአንዲት ብቻ ነጠቀው። የካርድ አታሚው ቶፕስ ኩባንያ ያተመላቸው የመጀመሪያ ካርዶቻቸውም (የኮፋክስ በ1955፣ የራያን በ1968) ገበያ ላይ እንዲሁ ይፎካከራሉ።

የኮፋክሱ ቁጥር 123 ነው፤ ወደ ጎን የተኛ ካርድ። ፊቱ ጎልቶ ይታያል፣ አጠገቡ ሙሉ ቁመናው በትንሹ አለ። ገና የ19 ዓመት የብሩክሊን ልጅ ነው፤ ኳሱ የት እንደሚያርፍ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 36 አሸንፎ 40 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን የሚነካው ጠፋ፦ ሦስት የሳይ ያንግ ሽልማት (ለዓመቱ ምርጥ ኳስ ወርዋሪ የሚሰጥ)፣ አራት ኖ-ሂተር (ተጋጣሚ አንድም የተሳካ ምት ያላገኘበት ጨዋታ)፣ አንዱም ፐርፌክት ጌም፣ ማለትም ጭራሽ ማንም ወደ ቤዝ ያላለፈበት። በ1966 27 ጨዋታ አሸንፎ፣ ክርኑ በአርትራይተስ ስለተጎዳ በ30 ዓመቱ አቆመ። አይሁዳዊ በመሆኑ፣ የ1965ቱ ወርልድ ሲሪዝ (የቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር) የመክፈቻ ጨዋታ ዮም ኪፑር፣ የአይሁድ የስርየት ቀን፣ ላይ ሲውል አልጫወትም ያለውም እሱ ነው። እስራኤል ላለ ዘመድ ስጦታ ከሆነ ይህን ሳትነግሩት እንዳትሰጡ።

ራያን የተገላቢጦሽ ነው። 27 የውድድር ዘመን ወረወረ፤ 5,714 ስትራይክአውት፣ 7 ኖ-ሂተር፣ ሁለቱም እስካሁን አልተደፈሩም። ሳይ ያንግ ግን አንድም አላገኘም። ካርዱ፣ ቁጥር 177፣ የብቻው አይደለም፤ በግራ ጄሪ ኩዝማን፣ በቀኝ እሱ። ኩዝማንም ቀላል ሰው አልነበረም፣ 222 ጨዋታ አሸንፏል፤ ዛሬ ግን ለሱ ብሎ የሚገዛ የለም።

ራያንን ከመግዛታችሁ በፊት አጉሊ መነጽር ያዙ። አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው፤ እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። ጥቁሮቹን ፊደላት ተመልከቱ። ድፍን ቀለም መሆን አለባቸው፤ ፊደሉ በነጠብጣብ ከተሠራ ከፎቶ የተባዛ ነው። ጆንያ የሚመስለው ቡናማ ጠርዝም ጥጉ ትንሽ ሲላጥ ነጩን ወረቀት ያሳብቃል። ለኮፋክስ ደግሞ ማስመሪያ ይበጃል፦ 6.7 በ9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካነሰ፣ ጥጉ ሹል እንዲመስል ጠርዙ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ለዛሬ ካርድ የተሠራ የፕላስቲክ ማኅደርም አይበቃውም።

መልሳችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ራያንን ግዙ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ያም ሆኖ ፒኤስኤ ወይም ሌላ የታወቀ የካርድ ደረጃ ሰጪ ድርጅት መርምሮ በፕላስቲክ ያላሸገውን አትንኩ። ለራሴ ብሆን ኮፋክስን ነው የምወስደው። ያውም ከ10 ውስጥ 2 ወይም 3 ያገኘውን፦ ጥጎቹ የዶለዶሙ፣ ግን ፊቱ ላይ እጥፋት የሌለበትን።