አባቴን አብረው መክረው ላከሙልኝ የጎንደር ሐኪሞችና ነርሶች

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አባቴን ላከሙ ሐኪሞችና ነርሶች ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ፣ እኛ ተጨንቀን በነበርንበት ቦታ ዛሬ ለቆመ ቤተሰብም መንገዱን ለመጠቆም ነው። ስማችን አይነሣ ስላሉኝ በሙያቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ።

አባቴ በአራዳ ገበያ ከ40 ዓመት በላይ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ሕመማቸውን ለሰው መናገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ከሰገራ ጋር ደም ማየት ከጀመሩ ወራት አልፈው ነበር፤ እኛ ልጆቻቸው የሰማነው ግን ከስፌት መኪናቸው ላይ ቶሎ ቶሎ እየተነሡ መቆም ሲያበዙ አይተን አጥብቀን ከጠየቅናቸው በኋላ ነው። ወዲያው ይዘናቸው ሄድን። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቅባትና በመቀመጫ የሚገባ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘን። ሁለተኛውም ያንኑ ደገመው። በ8 ወር ውስጥ 4 ጊዜ ተመላልሰን በከፈልንበት ሕክምና አንድም ሰው ጓንት አጥልቆ አባቴን በጣቱ አልመረመራቸውም። ደሙ አልቆመም፣ ሰውነታቸው ከሳ፣ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱም ገና ያልወጣ ነገር እንዳለ ይሰማቸው ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም አንጀቴ ያርራል።

በመጨረሻ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ፣ ውጤቱን የነገሩን በመተላለፊያ ላይ ቆመው፣ የሰው ዓይን እያየን ነው። አንዱ ሐኪም በቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ያልቃሉ፣ ሰገራ በሆድ በኩል ወጥቶ የሚጠራቀምበት ከረጢትም ለዕድሜ ልክ ይንጠለጠልላቸዋል አለን። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ መድኃኒት ይውሰዱ አለ። ወረቀት ታቅፈን ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስንንከራተት አባቴ፣ «ሦስት ሰፊ ሳይመካከር አንድ ጨርቅ ቢቆርጥ ልብስ አይወጣውም» አሉኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ወደተጀመረውና አባቴ እስከ ዛሬ «ኮሌጁ» ወደሚሉት ሆስፒታል የሄድነው በዚህ ሁኔታ ነው። የተቀበሉን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከሁሉ አስቀድመው መጋረጃውን ጋርደው፣ አባቴን ይቅርታ ጠይቀው በጣታቸው መረመሯቸው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊታችን ተቀመጡና፣ «ዕጢው በትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ በደንዳኔው ታችኛ ክፍል ላይ ነው፤ በጣቴ አግኝቼዋለሁ። ምን መቅደም እንዳለበት ግን ብቻዬን አልወስንም፤ ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን እንነጋገርበታለን» አሉን። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ልቤ ደነገጠ፤ የማያውቁት ነገር ስላለ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን በዚያ ሁሉ መንከራተት ውስጥ የሰማሁት እጅግ የታመነ ቃል ያ እንደ ነበር ገባኝ።

ኤም አር አይና ሲቲ ስካን ተነሥተው ከቀረቡ በኋላ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ፣ የካንሰር ሐኪሙ፣ ምስሉን የሚያነቡት ሐኪምና ናሙናውን የመረመሩት ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአባቴን ጉዳይ መከሩበት። ዝርዝሩን ልናገር ብል አላውቀውም። ያስረዱን ግን ደንዳኔ የሚባለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በዳሌ አጥንት መካከል ጠብቦ የተቀመጠ ክፍል እንደሆነ፣ የአባቴም ዕጢ ቢላዋው ሊያልፍበት ወደሚገባው ጠርዝ በጣም የተጠጋ በመሆኑ በቀጥታ ቢቆረጥ ቅሪት ሊተው እንደሚችል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጨረርና በሚዋጥ መድኃኒት እንዲሟሽሽ፣ ከዚያ እንዲቆረጥ፣ የፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻቸውም እንዲተርፍ እንዲሞከር ተስማሙ። ይህን ሁሉ ለአባቴ በወረቀት ላይ እየሣሉ ያስረዷቸው እኚያው ሐኪም ናቸው። አባቴም ሥዕሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ለጨረሩ አዲስ አበባ ወርደን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለ5 ሳምንት፣ በጠቅላላው 25 ጊዜ ታከሙ። ተመልሰን ስንመጣ ቀዶ ሕክምናው ወዲያው አለመደረጉ አስጨንቆኝ ደጋግሜ ብጠይቅም፣ ጨረሩ ካበቃ በኋላም ዕጢው ለሳምንታት መሟሸሹን ስለሚቀጥል መጠበቁ ራሱ የሕክምናው ክፍል መሆኑን ሳይሰለቹ አስረዱኝ።

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ የሆነውን ግን እስክሞት አልረሳውም። አባቴን ከዕጢው ይልቅ ያስፈራቸው ከረጢቱ ነበር፤ ለጥቂት ወራት ብቻ እንደሆነ ቢነገራቸውም ሌሊቱን ሙሉ አይተኙም ነበር። አንዲት ነርስ እስክሪብቶ ይዛ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ሲነግሯት፣ «እስኪ መኪናዎ ላይ እንደሚቀመጡት ይቀመጡልኝ» አለች። ተቀመጡ። ቆመው ቀበቷቸውን የሚያስሩበትን አየች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲሰግዱስ እንዴት ነው? ያሳዩኝ» አለቻቸው። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከወለሉ ላይ በቀስታ ሰገዱ፣ እሷም አብራቸው በርከክ ብላ ሆዳቸው የሚታጠፍበትን ተመለከተች። ከዚያ ቀበቶ የማይነካውን፣ ሲታጠፉም የማይጨማደደውን፣ ራሳቸውም ቁልቁል ሲያዩ የሚታያቸውን ቦታ መርጣ ለከረጢቱ ምልክት አደረገች። አባቴ በዚያች ሌሊት ተኙ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተፈጸመ፤ የናሙናው ውጤትም ጠርዙ ከካንሰር ንጹሕ መሆኑን አሳየ። ከወራት በኋላ ከረጢቱ ተነሥቶ አንጀታቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። መጀመሪያ ላይ ሽንት ቤት መመላለሱ አድክሟቸው ነበር፤ አሁን እየቀለላቸው ነው፤ ክትትላቸውንም አላቋረጡም።

የትልቁ አንጀትና የደንዳኔ ካንሰር በአገራችን ወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ከሰገራው ጋር ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ሳይመረመር አይሸኝ፤ በጣት ይመርምሩኝ ብሎ ይጠይቅ፣ አይፈር። ካንሰር ከተባለም ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት፣ «ጉዳዬን ሐኪሞቹ አብረው አይተውታል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በጎንደርና በዙሪያዋ ያላችሁ ደግሞ ወደ እነዚህ ሐኪሞች ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ወደ እነርሱ ሂዱ። እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈልልኝ፤ እኔ የምከፍለው የለኝም።

አባቴ ግን የሚከፍሉት አላጡም። ከረጢቱን ተሸክመው በነበሩባቸው ወራት ላስቲኩ ቆዳቸውን እንዳያልባቸው ከለስላሳ ጥጥ ልባስ ሰፍተውለት ነበር። ባለፈው ለክትትል ስንሄድ ከዚያው ልባስ 30 ሰፍተው፣ በፌስታል ቋጥረው ለዚያች ነርስ አስረከቧት። አንዱን አንሥታ ስፌቱን በጣቷ ስትዳስስ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያውም አንዱን ይዛ በዚያው ዕለት ጠዋት ከቀዶ ሕክምና ወደ ወጡ አንድ አዛውንት አልጋ ሄደች።