የጋራ ሰርቨራችንን ለሠራልን ወንድማችን ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ለክፍላችን ተማሪዎች የጋራ ሰርቨር ያዘጋጀልንን ወጣት የሲስተም ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ። ስሙን እንዳልጠቅስ ስለለመነኝ አልጽፈውም። ሥራው ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም፤ የምርምር ክፍል፣ ኮሌጅ ወይም አነስ ያለ ድርጅት ያላችሁ ሰዎች እንዲህ ያለ ባለሙያ እንዳለ ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

የሕብረተሰብ ጤና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ መመረቂያቸውን የሚሠሩት በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ዳሰሳ ብቻ 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል፤ የሴቶቹ ፋይል በሺዎች የሚቆጠሩ ዓምዶች አሉት። አነስተኛ ራም ባለው ላፕቶፕ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ልክፈተው ያለ ተማሪ ማሽኑ ደርቆ ይቀርበታል። ክፍላችን ውስጥ ደግሞ 64 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር አለ። ቀደም ሲል አንድ ሰው ጁፒተር ኖትቡክ (በብሮውዘር ኮድ እየጻፉ መረጃ የሚተነትኑበት ፕሮግራም) ጭኖበት፣ ለኔትወርኩ ሁሉ ከፍቶት፣ አንድ ፓስወርድ ለሁሉም አከፋፍሎ ሄዷል። ሁሉም የሚገባው በአንድ ስም ስለነበር የአንዱን ፋይል ሌላው ይከፍተዋል፣ ይሰርዘዋል። አንዲት ተማሪ ብዙ የለፋችበት ትንታኔ ላይ ሌላ ሰው የራሱን ሥራ ሴቭ አድርጎበት አግኝታ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ወንድማችን መጥቶ ያየው መጀመሪያ ይህንን ነው። «መምህር፣ ይሄ እኮ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። ፓስወርዱን የያዘ ሁሉ ኖትቡክ ብቻ መሰልዎት የሚከፍተው? ተርሚናል ከፍቶ ማሽኑን የፈለገውን ሊያዘው ይችላል» አለኝ። በዚያው ላይ መጠጋገን እምቢ ብሎ ኖትቡኩን ለብዙ ሰው ለየብቻ የሚያቀርበውን ጁፒተርሀብን እንደ አዲስ ተከለልን። አሠራሩን ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ እኔም ገባኝ፦ ተማሪው በብሮውዘሩ የራሱን ስምና ፓስወርድ ያስገባል፤ ሀቡ ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ ለእሱ ብቻ የተለየ የኖትቡክ ሰርቨር ያስነሳለታል፤ ያም የሚሠራው ተማሪው በሊኑክስ (በማሽኑ ሥርዓተ ክወና) ላይ ባለው በራሱ አካውንት ነው። የጓደኛውን ፎልደር ልክፈት ቢል አይከፈትለትም።

ትልቁንና ውስብስቡን አሠራር በብዙ ሰርቨር ላይ ዘርግቶ ብዙ ብር ሊጠይቀን ይችል ነበር፤ እኛ ምን እናውቃለን? እሱ ግን «ለእናንተ ይሄ ይበቃል» ብሎ ዘ ሊትልስት ጁፒተርሀብ የሚባለውን መረጠልን። ይህኛው ለአንድ ማሽንና እስከ 100 ለሚደርሱ ተጠቃሚዎች የታሰበ ነው፤ ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ የለውም። ለእያንዳንዱ ተማሪ 4 ጊጋ የሜሞሪ ጣሪያ አበጀለት። አሁን አንዱ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ቢከፍት የሚቆመው የእሱ ሥራ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አይነኩም። ያለ ሥራ የቆየ ሰርቨር በራሱ የሚዘጋበትን ጊዜም ከ10 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት አራዘመው። «ፋይላችሁ አይጠፋም፤ ሴል (የኖትቡኩን የኮድ ሳጥን) አስኬዳችሁ ሜሞሪ ላይ ያኖራችሁት ግን ይጠፋል» እያለ ለእያንዳንዱ ደጋግሞ ነገራቸው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን አንድ ጥያቄውን ነው። የዳሰሳውን መረጃ በጋራ ፎልደር ልናስቀምጥ ስንል እጁን ሰብስቦ «ይሄን ለመጠቀም ፈቃድ ያላቸው እነማን ናቸው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዋናው መረጃ የሚሰጠው ተመዝግቦ ለጠየቀ ተመራማሪ ነው፤ ላልተፈቀደለት ሰው ማስተላለፍም ክልክል ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያገኙትን ብቻ በአንድ ግሩፕ አድርጎ ፎልደሩን ለእነሱ ብቻ ከፈተ፤ እነሱም ማንበብ እንጂ መለወጥ አይችሉም። የማስተማሪያ ኖትቡኮቼ በሌላ ፎልደር ናቸው፤ ተማሪዎቹ ወደ ራሳቸው ገልብጠው ይሠሩባቸዋል። የናሙናውን ክብደት (ናሙናው ሕዝቡን በትክክል እንዲወክል ለእያንዳንዱ ተጠያቂ የተሰጠውን ቁጥር) በ1,000,000 ማካፈልን የመሰለ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ አሁን ሁሉም ፊት ተጽፎ አለ። ለአንድ መምህር ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያስተማረ ያውቀዋል።

ሰርቨሩ የሚሠራው በግቢው ኔትወርክ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ተማሪው ሥራውን አያቆምም፤ የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች አስቀድሞ ለሁሉም አንዴ ጭኗቸዋል። አድራሻው እንዳይቀያየር ቋሚ አይፒ አስያዘለት፤ ፓስወርድ በኔትወርኩ ላይ ገሃድ እንዳይሄድ ሰርተፍኬት አዘጋጀ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ ሀቡም አብሮት። በየሌሊቱ የተማሪዎቹ ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ባካፕ አለ ብሎ ብቻም አልሄደም፤ ፊታችን አንድ ፎልደር አጥፍቶ ከባካፑ መልሶ አሳየን። ከዚህ በፊት እንዲህ ያደረገልን ባለሙያ የለም።

ሲያስረክብም ሁሉንም በአማርኛ ጽፎ ነው፦ አዲስ ተማሪ እንዴት እንደሚጨመር፣ የተመረቀው እንዴት እንደሚወጣ፣ ዲስክ ሲሞላ ምን እንደሚደረግ። ከክፍላችን ሁለት ሰዎች አጠገቡ አስቀምጦ አሠራቸው፤ የአድሚን ፓስወርዱንም እኛው እንድንቀይረው አደረገ። ቀሪውን ክፍያ የተቀበለው ተማሪዎቹ ገብተው ከሞከሩ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ። ተማሪዎቹም ምስጋናቸውን አድርስልን ብለውኛል።

እሱን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚጠቀም፣ ማሽናችሁ ስንት ራም እንዳለውና የምታስቀምጡት መረጃ የማን እንደሆነ አጣሩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።