የአልማ ቶማስ ሥዕሎች በዋሽንግተን፦ ከቀለሙ ሥር ያለው የእርሳስ መስመር

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 እስከ ጁን 2024 በዋሽንግተን ዲሲው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ የቀረበው የአሜሪካዊቷ ሠዓሊ የአልማ ቶማስ ዐውደ ርዕይ ከሙዚየሙ ስብስብ የተውጣጣ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ ጠፈር፣ ምድርና ሙዚቃ በሚሉ ሦስት ርዕሶች ተከፋፍለው ነበር። መግቢያው በነጻ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አይቼዋለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ቀለሙ ብቻ ስቦኝ ነበርና የሠዓሊዋ እጅ እንዴት እንደሚሠራ ማስተዋል የቻልኩት በሁለተኛው ነው።

የ1970ውን «ግርዶሽ» እንውሰድ። ጠቆር ያለ ክብ ከሸራው መካከል ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለማት በአጫጭር የብሩሽ ምቶች እየተደረደሩ ይከቡታል። ከሩቅ ሳየው ሰፌድ መሰለኝ፤ መቼም የሐበሻ ዓይን እንዲህ የተደረደረ ክብ አይቶ ስፌት ሳያስብ አያልፍም። ጠጋ ሲሉት ግን ምቶቹ መጠናቸው የተለያየ ነው፤ በመካከላቸው ነጩ መደብ ብቅ ብቅ ይላል፤ የሥዕሉ ብርሃንም የሚፈልቀው ከዚሁ ክፍተት ይመስለኛል። በሠዓሊዋ ብዙ ሸራዎች ላይ አስቀድመው ያሠመሩት ቀጭን የእርሳስ መስመር ሳይቀር ይታያል። በዘፈቀደ የተረጨ የሚመስለው ቀለም ተለክቶና ተሠምሮ የተቀመጠ ነው።

ይህ ጥንቃቄ የመምህርነት ልማድ ይመስላል። አልማ በ1891 በጆርጂያዋ ኮሎምበስ ተወልደው በ1907 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ዋሽንግተን መጡ፤ በ1924 የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል የመጀመሪያዋ ተመራቂ ሆኑ፤ ከዚያም በሾው ሰፈር ትምህርት ቤት እስከ 1960 ድረስ ለ35 ዓመታት ሥዕል አስተማሩ። (በኋላ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለረጅም ዓመታት ያስተማረውም በዚሁ ሐዋርድ ነው፤ የሾው ሰፈርም ዛሬ የኛ ምግብ ቤቶች የሚገኙበት አካባቢ ነው።) የሚታወቁባቸውን ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎች በአብዛኛው የሠሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም እያሠቃያቸው፣ በ15ኛው ጎዳና ባለው ቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በ1972፣ በ80 ዓመታቸው፣ በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም የግል ዐውደ ርዕይ በማቅረብ ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። ብዙ ጊዜ «ዘግይተው የጀመሩ» እየተባለ ሲነገርላቸው ይከነክነኛል፤ የዘገየው ተመልካቹ ነው።

በሥዕሎቹ አደራደር አልስማማም። በርዕስ መከፋፈሉ ለጎብኚ ቢቀልም፣ በረድፍ ተሰልፎ የነበረው የብሩሽ ምት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ እንዴት እየተፈታ፣ ቅርጹም እየተሰባበረ እንደሄደ ለመከታተል ከክፍል ወደ ክፍል መመላለስን ይጠይቃል። እኔ ብሆን በዓመት ቅደም ተከተል እሰቅላቸው ነበር። የአፖሎ የጨረቃ ጉዞዎችን በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ከሣሏቸው የጠፈር ሥዕሎች መካከልም አንዳንዶቹ ከምድሮቹ ጋር ሲነጻጸሩ ቀዝቀዝ ይላሉ።

«ቀይ አዛሊያዎች ሮክ ኤንድ ሮል ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ» (አዛሊያ የአበባ ዓይነት ነው) ግን ሌላ ነው። በ1976 በሦስት ሸራ የተሠራው ይህ ሥዕል ወርዱ 4 ሜትር ገደማ ነው። በነጣው መደብ ላይ ቀያይ ቁርጥራጮች አንዳንዱ ቦታ ተጨናንቀው፣ ሌላው ቦታ ተበታትነው ይታያሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እየተራመድኩ ሳየው እርምጃዬ ሳላውቀው ከቀዩ ጋር እየፈጠነ፣ ነጩ ሲሰፋ እየዘገየ መሄዱን ያስተዋልኩት ሦስተኛው ሸራ ጋ ስደርስ ነበር።