የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፦ ሞቱን ያሳያል፣ ኑሮውንስ?

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ የቻለ ሳጥኑ ውስጥ ጣል ያደርጋል። በደርግ ዘመን ሰው እንዴት ይገደል እንደነበር ለማየት አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም። እንዴት ይኖር እንደነበር ለማወቅ የመጣ ግን ሌላም ቦታ መሄድ አለበት።

አጽሙ የተደረደረበት መስታወት ሁሉንም ያስቆማል። ለኑሮው ግን የበለጠ የሚናገሩት ግድግዳውን የሞሉት ፎቶዎች ናቸው። ብዙዎቹ ለመታወቂያ ወይም ለማስታወሻ የተነሱ ይመስላሉ፦ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ፎቶ አንሺው "ቀና በል" ያለው አንገት። ማንም ለታሪክ ብሎ ስላልተነሳቸው ይታመናሉ።

ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የወጡ አሉ። ስለ ግርፋቱ ሳይጠየቁም ይናገራሉ፤ ደጋግመው ስላወሩትም ትረካው ቅርጽ ይዟል። ትንንሹን ነገር ጠይቋቸው። ስንቅ ማን ያመላልስ ነበር? ሰዓት እላፊ የደረሰበት ሰው የት ያድር ነበር? ስንቁ ሳይነካ ሲመለስ ቤተሰብ ምን እንደሚረዳ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ትልቁ ጉድለት ቀበሌው ነው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ስኳርና ዘይት የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ፣ መታወቂያ የሚሰጠው በዚያው ጽሕፈት ቤት ነበር፤ በ1969ቱ አሰሳ በር ያንኳኩትም የዚያው ቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ናቸው። ሰው ከሚፈራው ቢሮ ጋር ወር በወር ጉዳይ ነበረው። ይህን ሳይረዱ የዘመኑን ዝምታ መረዳት ይከብዳል፤ ሙዚየሙ ግን ግድያውንና የቀበሌውን ኑሮ አያገናኛቸውም።

ክፍተቱን አዋጆች የሚታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣና የዘመኑ የመንግሥት ዕለታዊ ጋዜጣ አዲስ ዘመን ይሞላሉ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አዋጁ የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አይነግርም። አዲስ ዘመንን ደግሞ ገልብጦ ማንበብ ያስፈልጋል፦ "አሻጥረኛ ነጋዴዎችን" ሲያወግዝ ገበያው ላይ ዕቃ ጠፍቷል ማለት ነው። ዝምታውም ማስረጃ ነው። መስከረም 1977 ላይ አሥረኛው የአብዮት በዓል ገጹን ሞልቶታል፤ ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር። ቢቢሲ ከኮረም ስለ ረሃቡ ያስተላለፈው ዘገባ የወጣው ጥቅምት 13 ቀን ነው፤ የሁለቱን ወራት እትሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ከውጭ ምንጭ ጋር ስታስተያዩ የዘመን አቆጣጠሩን አስሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው፣ ልዩነቱ ሰባት ዓመት መሆኑን ረስቶ ስምንት ይደምራል።

ቅደም ተከተሉ ቤተ መጻሕፍት መጀመሪያ፣ ሙዚየም ቀጥሎ ቢሆን ይሻላል፤ ቀን ጠቅሶ የሚጠይቅ ጎብኚ ከአስጎብኚው የተለመደውን ትረካ ብቻ ሰምቶ አይወጣም። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የአጽሙን ክፍል እለፉት።