ለአራት ኪሎዋ እንግዳ ተቀባይ እህታችን ከድሬዳዋ የተላከ ምስጋና

በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ፣ ልጆቻችን በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል ባለው ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ ከድሬዳዋ ተነሥተን አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ሌሊት አሳልፈናል። የሄድነው ስድስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ የ12፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ68 ዓመት አዛውንት እናቴ። ጉዞው ያማረልን፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ መጠነኛ ፔንሲዮን ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራ እህታችን ገና ከቤታችን ሳንወጣ በስልክ ባደረገችልን እገዛ ነውና ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል። ስሟ እንዲጻፍ እንደማትፈልግ ነግራኛለች፤ የፔንሲዮኑ ስም ከተጠራ ደግሞ እሷ ማን እንደሆነች ወዲያው ስለሚታወቅ ሁለቱንም ትቼዋለሁ። ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ለመሄድ ያሰበ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ ግን አድራሻውን በደስታ እሰጣለሁ።

የእህታችንን ውለታ ለመረዳት ከዚያ በፊት የገጠመንን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ለዕረፍት ስንሄድ ያረፍነው በከተማው ዳርቻ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ ሆቴል ነበር። እናቴ ወጣት ሳሉ የድሬዳዋ ባቡር መንገደኛውን መሐል ከተማ ለገሃር ድረስ አምጥቶ ያወርደው ስለነበር ከጣቢያው አጠገብ ማደር ማለት በከተማው እምብርት ማደር ማለት ነበር። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚያደርሰው በደቡብ ምዕራብ በኩል ለቡ ድረስ ነው። ይህን ልዩነት ሳላሰላስል የክፍሎቹን ፎቶግራፍ አይቼ፣ ዋጋው ቀለል ስላለኝ ብቻ አልጋ ያዝኩ። በየማለዳው ወደ መሐል ከተማ ለመድረስ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቀመጥ ነበር፤ ትንሿ ልጃችን መንገድ ላይ ትተኛለች፣ ስንደርስ ታለቅሳለች፣ እናቴም ከመኪና ሲወርዱ እግራቸው አልዘረጋ ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ሙዚየም በር ላይ የደረስነው ሊዘጋ ሲል ነው። ማታ ደግሞ ከሆቴሉ ሥር ያለው መጠጥ ቤት ሙዚቃውን እስከ ሌሊቱ አጋማሽ አያቆምም። በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ አይተን ደክመን ተመለስን።

ለዚህኛው ጉዞ ግን ሰባት ቦታዎች ደወልኩ። ስድስቱ ዋጋ ነግረውኝ «ይምጡ፣ አልጋ አለ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ሰባተኛዋ ይህች እህታችን ነበረች። ዋጋ ስጠይቃት ከመመለሷ በፊት «ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? የትኞቹን ቦታዎች ልታሳዩአቸው አስባችኋል?» አለችኝ። ታላቁ ልጄ በትምህርት ቤት የተማራትን ድንቅነሽን ለማየት እንደሚጓጓ፣ መካከለኛዋ አንበሳ ማየት እንደምትፈልግ፣ እናቴ ደግሞ ቅድስት ሥላሴን መሳለምና እንጦጦ ማርያም መድረስ እንደሚመኙ ነገርኳት። እሷም ሁሉንም በጥሞና ሰምታ፣ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አብዛኛው ከአራት ኪሎ በእግር የሚደረስ መሆኑን፣ ለእንጦጦ ብቻ ታክሲ እንደሚያስፈልገን አስረዳችኝ። ቀጥላም «እዚሁ እኛ ጋ ባታርፉ እንኳን፣ እባካችሁ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል የሆነ ቦታ ፈልጉ» አለችኝ። ለራሷ መሥሪያ ቤት ገበያ ከመሳብ ይልቅ የእኛን ድካም ያሰበች ሰው መሆኗን የተረዳሁት በዚህች ቃል ነው።

ስለ ክፍሎቹ የነገረችኝም ያለ ምንም ማስዋብ ነበር። ሕንፃው አሳንሰር እንደሌለው፣ ስለዚህ ለእናቴ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ብንይዝላቸው እንደሚሻል፣ እሱ ግን በመንገዱ በኩል ስለሆነ ከንጋት ጀምሮ የመኪና ድምፅና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ የቅዳሴ ዜማ እንደሚሰማበት ነገረችኝ። ይህን ለእናቴ ብነግራቸው «ቅዳሴ እየሰማሁ መነሣትማ መታደል ነው» ብለው ክፍሉን ወዲያው ወደዱት። ለእኛና ለልጆቹ ደግሞ ከኋላ በኩል አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰፊውን ክፍል ሰጠችን፤ ሁለት ትልልቅ አልጋ ያለው ሲሆን ለትንሿ ፍራሽ ተጨምሮልናል። የሌሊቱን ጸጥታ እንድፈርድ በማለት ምሽት 4 ሰዓት ላይ የክፍሉን መስኮት ከፍታ በስልኳ የቀረጸችውን አጭር ቪዲዮ ላከችልኝ። ፎቶግራፍ ድምፅ የለውም፤ ባለፈው ጊዜ ያታለለኝም ይኸው ነበር። ቀብድ የተቀበለችን የአንድ ሌሊቱን ብቻ ሲሆን፣ ባቡሩ ቢዘገይ እንኳን ክፍሎቹ እንደማይለቀቁብን አረጋግጣልናለች። በመጨረሻም «እናንተ ከሞቃት አገር ነው የምትመጡት፤ እዚህ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ይበርዳልና የልጆቹን ሹራብ እንዳትረሱ» ብላ አሳሰበችኝ። ልክ ነበረች።

የገንዘቡን ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛልና። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ሌሊት በድምሩ 3,000 ብር ከፈልንባቸው። በለቡ አካባቢ ያገኘሁት ተመጣጣኝ ማረፊያ ሁለት ክፍል በ1,800 ብር ነበር፤ በየቀኑ የ1,200 ብር ልዩነት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ሰው በአንድ ትንሽ መኪና ስለማይገባ ከዳርቻው ወደ መሐል ከተማ ለመምጣት ሁለት መኪና መጥራት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ 450 ብር ገደማ ቢጠይቅ ደርሶ መልሱ 1,800 ብር ይሆናል። ርካሹ ማረፊያ በየቀኑ 600 ብር ያህል ያስበልጥ ነበር። ከዚህም በላይ ከዳርቻ የመጣ ቤተሰብ እኩለ ቀን ላይ ወደ አልጋው ተመልሶ ማረፍ አይችልም፤ አዛውንትና ሕፃን ላለው ቤተሰብ ደግሞ የቀትር ዕረፍት ቀኑን ሙሉ የሚያድን ነገር ነው።

እኛም ቀኖቻችንን ያዋቀርነው በዚሁ ምክር ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ተነሥተን ሽቅብ ወደ አምስት ኪሎ በልጅ እርምጃ ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዘን ብሔራዊ ሙዚየም ደረስን። ልጄ በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችውን የ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት ባለታሪክ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሲያይ ትንሽነቷ አስገረመው፤ «ትንሿን እኅቴን ታክላለች» አለ። ወደ ፔንሲዮኑ ተመልሰን ምሳ በላን፣ ትንሿ ተኛች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥተን የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልትና በዩኒቨርሲቲው ግቢ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ሙዚየም ጎበኘን። በዚያ ግቢ ጣሊያኖች ፋሺስቶች በአገራቸው ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እርከን አድርገው የሠሩት፣ ከነፃነት በኋላ ግን አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት ደረጃ አለ። ልጆቹ እርከኖቹን እየቆጠሩ ታሪኩን ከእኔ ሰሙ፤ ያንን ሰዓት መቼም አልረሳውም።

በሌላው ቀን አንድነት ፓርክ ሄደን መካከለኛዋ ልጃችን ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች አየች። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በሰፋው የእግረኛ መንገድ ፒያሳ ድረስ ተጉዘንም በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመለከትን። ለሐረርጌ ልጆች የሐረር ገዥ የነበሩትን የራስ መኮንንን ስም በድልድይ ላይ አግኝቶ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የዘመቱበትን ጦርነት መታሰቢያ በዓይን ማየት የተለየ ስሜት አለው። እንጦጦ የሄድነው በእህታችን ምክር ማለዳ፣ ከአራት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል በታክሲ ነው። እናቴ ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ ሽሮ ሜዳ ወርደው ነጠላ ገዙ። ቅድስት ሥላሴን ግን በየቀኑ ብቻቸውን፣ በራሳቸው እርምጃ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ሲሳለሙ ሰነበቱ። ለአንድ አዛውንት ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ወላጁን ይዞ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል።

ቆይታችን ከጾመ ነነዌ ጋር ስለገጠመ እናቴ ሦስቱን ቀን ጾመዋል። እህታችን ይህን እንዳወቀች ለወጥ ቤቷ ነግራ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ትኩስ ሽሮና ጎመን እንዲቆያቸው አድርጋለች፤ አንድም ቀን አልተጓደለም። እኔ አልጠየቅኋትም ነበር።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ጥቆማዬ የሚታመን እንዲሆን። የመታጠቢያው ሙቅ ውሃ ለሦስት ሰው እንጂ ለስድስት አይበቃም፤ ተራ ይዘን ጠዋትና ማታ ተከፋፍለን ታጥበናል። የከተማው ውሃ በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ ትልቅ ታንከር መኖሩ ጠቅሞናል፤ ኢንተርኔቱ ግን ከኋላው ክፍል ደካማ ነው። የመኪና ማቆሚያውም ጠባብ ስለሆነ በግል መኪና የሚመጣ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። እነዚህንም ቢሆን እህታችን በስልክ ነግራን ነበርና እንደ አዲስ ችግር አልቆጠርናቸውም።

አልጋ ለመያዝ የምትደውሉ ወላጆች፣ ከዋጋው በፊት ልታዩአቸው ያሰባችኋቸውን ቦታዎች ለተቀባዩ ሰው ንገሩና በእግር የትኛው እንደሚደረስ ጠይቁ። መልሱ «ሁሉም ቅርብ ነው» ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ከአዲስ አበባ አንዱ ጫፍ ለሌላው ጫፍ ቅርብ አይደለም። ሌሊት ምን እንደሚሰማ፣ ከሥር ወይም ከጎን መጠጥ ቤት እንዳለ፣ ውሃ ሲጠፋ ታንከር፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር መኖሩን አረጋግጡ። አዛውንት ካላችሁ ደረጃውን ቆጥረው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። እኛን ያስተናገደችን እህታችን ደረጃውን ቆጥራ ነግራናለች፤ 18 ነው።

እህቴ ሆይ፣ ይህን ስታነቢ ያመሰገንንሽ እኔና ባለቤቴ ብቻ እንዳልሆንን ዕወቂ። ስንሰናበትሽ ልንሰጥሽ ያሰብነውን ጉርሻ «ሥራዬ ነው» ብለሽ መልሰሽብናል፤ እናቴ ግን አልተረቱም። ቤት እንደገባን የሐረርጌ ቡና ለቅመው፣ አጥበው አድርቀው፣ አንድ ኪሎ በንጹሕ ከረጢት አድርገው ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ የጎረቤታችን ልጅ ሰጥተውታል። በዚህ ሳምንት ባቡር ይደርስሻል፤ ከወጥ ቤቷና ሌሊት በሩን ከከፈቱልን ከጥበቃው አባት ጋር አብራችሁ አፍሉት።