ሰሜንን በመኪና ለመዞር፦ ሃርድቶፕ፣ ቪ8፣ ሃይሩፍ ወይስ አውሮፕላን?

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከዋሽንግተንም ከዱባይም የሚደውል ዘመድና ጓደኛ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ልጆቹን ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን ላሳያቸው ነበር፤ ምን መኪና ልከራይ? ስንት ይፈጃል?» ለእያንዳንዱ ረጅም የድምፅ መልእክት ከምልክ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ።

ቁርጡን ልንገራችሁ። አራት ወይም አምስት ከሆናችሁ አሮጌ ሃርድቶፕ፣ ያንን ሳጥን የመሰለውን የድሮ ላንድክሩዘር ያዙ፤ በተለይ ባለቤቱ ራሱ የሚነዳውን።

ከመኪናው በፊት ግን የመንገዱ ነገር አለ። የትግራዩ ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያው ስምምነት ቢቆምም አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግጭት አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ልትነሱ በቀረው ሳምንት አጣሩ፤ የምትጠይቁትም ሊያከራያችሁ የጓጓውን ሰውዬ አይሁን። እሱ ምንጊዜም «ችግር የለም» ነው የሚላችሁ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስና የጭነት ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ትናንት የመጡበት መንገድ ስለሆነ። ዝግ ነው ካሏችሁ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ እርሱትና በአውሮፕላን ሂዱ፣ ወይም ለሌላ ዓመት አቆዩት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሃርድቶፕ ከነሹፌሩና ከነናፍጣው በቀን ከ150 እስከ 200 ዶላር ይጠራል። ቪ8፣ አዲሱና ቅንጡው ላንድክሩዘር፣ ከ250 ወዲያ ነው። ሃይሩፍ ሚኒባስ ከ100 እስከ 130 ይገኛል። እነዚህ እኔ ስጠይቅ የሰማኋቸው ናቸው፤ ለገና ላሊበላ ወይም ለጥምቀት ጎንደር ከሆነ ግን ሌላ ዋጋ ነው፣ ያኔ የሚከራከራችሁም የለም። 12 ቀን በ170 ዶላር ብትዋዋሉ 2,040 ዶላር፣ ለአራት ሰው ሲካፈል 510 ይደርሳችኋል።

ሰው የሚሸወደው በቀኑ ዋጋ ሳይሆን ዙሪያው ባለው ነገር ነው። ነዳጁን ውሰዱ። ዙሩ ከነመግቢያ መውጫው 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሃርድቶፕ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ቢጠጣ 325 ሊትር ናፍጣ ማለት ነው። «ነዳጅ በኔ» የሚላችሁ አከራይ ለዚህ በቀን 50 ዶላር ጨምሮ ከሆነ 12ቱ ቀን 600 ዶላር ሆነ። ይህን በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ቀይሩና 325 ሊትሩን በማደያ ዋጋ አባዝታችሁ አስተያዩት። እኔ ስሠራው ሁልጊዜ ነዳጁን በራስ መግዛት ረክሶ አገኘዋለሁ። ዶላሩ ራሱ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ውሉ በብር ይሁን በዶላር፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነም አስጽፉ። የሹፌሩ አበልና አልጋ በማን ነው? 15 በመቶው ቫትስ ውስጥ አለ ወይስ በመጨረሻው ቀን ብቅ ይላል? አክሱም ላይ ወርዳችሁ በአውሮፕላን ልትመለሱ ከሆነ ደግሞ መኪናው ባዶውን ለሚመለስበት ቀንም ያስከፍሏችኋል። ይህችን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

ቪ8 ምቹ ነው፣ አልክድም። ለሰርግ አጀብ ከሆነ የሚያህለው የለም። ጣጣው ያለው ናፍጣው ላይ ነው። ክልል ከተሞች ማደያ ላይ ሰልፉ አያድርስ ነው፤ ሰልፉ ያታከተው ሰው መንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ከሚሸጡት ይገዛል፣ እዚያ ውስጥ ላምባ ይግባ ውሃ ይግባ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። የናፍጣ ቪ8 ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝና ንጹህ ነዳጅ የለመደ ነው፣ እንዲህ ያለውን አይችልም። የአክስቴ ልጆች ቤተሰብ ጭነው በቪ8 ሄደው ከወልድያ ሳይርቁ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ቆመባቸው። መካኒክ ተገኘ፤ ልጁ ጎበዝ ነበር፣ ግን መመርመሪያ ማሽን የለውም። መኪናው ተጭኖ ደሴ ወረደ፣ እነሱ ሆቴል ተቀምጠው የላሊበላው ቀን ተበላ። የተጫነበትንና የሆቴሉን ማን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ አዲስ አበባ ድረስ ተከተላቸው፤ ውሉ ላይ አንድም ቃል አልነበረማ።

የሃርድቶፕ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር አያውቅም። ፖምፑም ኖዝሉም በሜካኒክ የሚሠራ ነው፣ ቆሻሻ ነዳጅ ቢያገኘው ያጨሳል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። ፊልትሩን ደብረ ሲናም ደባርቅም የሚቀይርላችሁ አይጠፋም። ከኋላ ረጅም የሆነው ዓይነት ደግሞ እያንዳንዱ 90 ሊትር የሚይዝ ሁለት ታንከር ስላለው አዲስ አበባ ሞልታችሁ ብትወጡ ብዙ ማደያ ሳትለምኑ ታልፋላችሁ። ጉዳቱን ልናገር፦ ይንጣል። ከኋላ በጎን የሚቀመጡበት ወንበር ለረጅም መንገድ ቅጣት ነው፣ እዚያ ሻንጣ ጫኑ። ኤሲ ካለው እሰየው፤ ከሌለው መስኮት ይከፈታል። እማማን ወይም ወገቡን የሚያመውን ሰው ግን በዚህ አታጓጉዙ፣ እነሱ በአውሮፕላን ይድረሱ፣ እናንተ ከታች ተቀበሏቸው።

ሃይሩፍ በዋጋ ይመታዋል፣ እውነቱን ለመናገር። ስምንት ከሆናችሁ 12 ቀን በ115 ዶላር 1,380 ነው፤ ለአንድ ሰው 172 ገደማ። ዋና ዋናው መንገድ አስፋልት ስለሆነ ጎንደርም ባሕር ዳርም ያደርሳችኋል። ግን ሰሜን የሚታየው ከአስፋልቱ ስትወጡ ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወስደው የስሜን ተራሮች መንገድ፣ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ ገርዓልታ ውስጥ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያስጠጋው ሁሉ ጠጠርና ድንጋይ ነው። የሃይሩፍ ሆድ ዝቅ ያለ ነው፣ ሹፌሩም መኪናው ስለሚያሳዝነው «ከዚህ በእግር ነው» ይላችኋል። ያኔ እዚያው አገር ፎርባይፎር መከራየት ነው። ለሦስት ቦታ ሦስት ጊዜ 100 ዶላር ብትከፍሉ ርካሹ ነገር 1,680 ደረሰ። ለስምንት ሰው አሁንም ያዋጣል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። አምስት ከሆናችሁ ግን ሃርድቶፑ 408፣ ሃይሩፉ 336 ነው የሚደርሳችሁ፤ ለ72 ዶላር ልዩነት በየመገንጠያው መኪና መቀየር አይታየኝም።

አውሮፕላን ጊዜ ለሌለው ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም ሁሉም ኤርፖርት አላቸው፣ ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ ደግሞ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ ያገኛል። ግን የዓባይ በረሃን ከላይ ማየትና ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ በደጀን በኩል መውጣት አንድ አይደለም። ጣሊያን የቦረቦረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ከብርዱ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን ከታች ማየትም እንደዚያው። ኤርፖርት ላይ የሚጠብቃችሁ የአካባቢው መኪና በቀን ሲሰላ ከአዲስ አበባው የሚወደድበት ጊዜም አለ፣ አማራጭ እንደሌላችሁ ያውቃልና።

አውቶቡሱ ርካሽ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳላችሁ፣ ከተማ ለከተማ ያደርሳችኋል፣ በመካከሉ የትም አይቆምላችሁም። ያለ ሹፌር እንከራይ ለምትሉ ደግሞ አብዛኞቹ አከራዮች ከአዲስ አበባ አትውጡ ነው የሚሉት። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጓደኛችሁ «በኔ እንሂድ» ካላችሁ ምሳ ጋብዙትና ሸኙት።

ሃርድቶፕ ሁሉ ደግሞ ሃርድቶፕ አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለውን እየቀቡ ማሠራት ነው የተያዘው። ቀለሙን ተዉት፣ ጎማውን እዩ። ጎኑ ላይ ትንሽ ሞላላ ሳጥን ውስጥ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና መስሎ ጎኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ አሮጌ ነው፣ ዓባይ በረሃ ሙቀቱ ላይ ይፈነዳል። ስኮርታውን፣ ማለትም ትርፍ ጎማውን፣ አውርዱና ተመሳሳዩን አድርጉ፤ አምስተኛው ጎማ መላጣ የሆነበትን መኪና ከዚህ በፊት አልቀበልም ብዬ መልሻለሁ። ክሪኩ ይሠራል? የቸርኬው ቁልፍ አለ? ሁለት ስኮርታ ካለው በቀን አምስት ዶላር ቢጨምርም ስጡት።

ፍሬኑ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ሶማሌ ተራ የኦርጅናል ካርቶን ውስጥ ፎርጅድ የፍሬን ሸራ ይሸጣል፣ ዋጋው ግማሽ ነው፣ አከራዩም እሱን ያስገባል። ከተማ ውስጥ ልዩነቱ አይታወቅም። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ድረስ ውጡና ተመለሱ፤ ሹፌሩ ሲወርድ ማርሽ ይይዛል ወይስ ፍሬን ብቻ ነው የሚረግጠው? ታች ስትደርሱ ቸርኬው አጠገብ መዳፋችሁን አስጠጉ፣ ግን አትንኩ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይም የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ፣ እንጦጦን እንዲህ የወረደ መኪና ጣርማ በርን አይወርድም፤ አመስግናችሁ ውረዱ።

ባለቤቱ የሚነዳውን ያዙ ያልኩትም ለዚህ ነው። ቅጥረኛው ሹፌር ሸራው ፎርጅድ መሆኑን ቢያውቅም ምን ያድርግ፣ ያስገባው ጌታው ነው። ባለቤቱ ግን ራሱም አብሯችሁ ነው የሚወርደው። ማደሪያ ላይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አልነዳም ካለ አትጨቅጭቁት።

ሊብሬውንና ኢንሹራንሱን አይታችሁ ለኪራይ ሥራ የሚሸፍን መሆኑን አረጋግጡ። ውሉ ላይ «መኪናው ቢበላሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ተለዋጭ፣ ካልሆነ የቀሪው ቀን ገንዘብ ተመላሽ» የሚል መስመር አስገቡ። ቀብድ ከሲሶው አይብለጥ፤ ሲሶው መሃል ላይ፣ የቀረው ስትመለሱ። ሙሉውን ቅድሚያ ካልከፈላችሁኝ የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ አለ።